ጭቃውን አታፍኑት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ዘንድሮ በሰፈራችን ቤቱን ያላሳደሰ ወይም ለማሳደስ ያላሰበ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መንገዱ ሲያምር ሰው መጀመሪያ አጥሩን ያያል፣ ከዚያ ግድግዳውን። እኔ ይህን አልቃወምም፤ ቤት ማሳመር ጥሩ ነገር ነው። መናገር የምፈልገው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በድሮ የጭቃ ግድግዳ ላይ ከውጭ በኩል አዲስ ነገር ስለ መደረብ። ሲሚንቶም ይሁን ላሜራ፣ ፎምም ይሁን አሉኮቦንድ የሚባለው የአሉሚኒየም ልባስ። እኛ ደርበን ነበር። ሁለት ክረምት አልፎበት አፈረስነው፤ ስናፈርሰው ያየሁትን ሌላ ሰው በራሱ ቤት ላይ እንዲያየው ስለማልፈልግ ነው የምጽፈው።

ቤቱ የእናቴ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በ1974 ዓ.ም. የሠራው ነው። ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ፣ ምርጊቱ ጭቃና የጤፍ ጭድ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ በደቦ ወጥቶ ነው የመረገው፤ ጭቃው ስንት ቀን እንደተረገጠ፣ ጭዱ ከየት እንደመጣ እናቴ ዛሬም አንድ ሳታስቀር ትናገራለች። ያ ቤት ከ40 ዓመት በላይ ቆመ። እኛ ያደረግንለት ነገር ቢኖር ዝናቡ ካባራ በኋላ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ የተሰነጠቀውን በጭቃ መድፈን፣ ከታች በኩል በእበት መለቅለቅ፣ ከዚያ ኖራ መቀባት ነው። ሌላ ነገር ጠይቆን አያውቅም።

ታዲያ ለምን ነካነው? ሁለት ምክንያት ነበረን። አንደኛው ሙቀቱና ብርዱ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፣ እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ሁለተኛው፣ እውነቱን ልናገር፣ የጭቃ ቤት ይዞ መኖር እንደ ድህነት መታየቱ ነው። ግራና ቀኙ በብሎኬት ሲሠራ የእኛ ብቻ ጭቃ ሆኖ መቅረቱ ከበደን። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ጠራን። መጥቶ አየና በሦስቱ ጎን ጭቃው ላይ ፕላስቲክ ወጥሮ፣ ወንፊት ሽቦ በሚስማር መትቶ፣ በሲሚንቶ እንደሚለስነው ነገረን። በመንገዱ በኩል ያለው ምዕራባዊ ግድግዳ ደግሞ ፎም ይለጠፍበትና በላዩ ላሜራ ይመታበታል። «ጭቃውን ከዝናብ ይጠብቅላችኋል» አለ። ለእኛም ትክክል መሰለን። ያጠራቀምነውን ሰጠነው፣ ካናዳ ያለው ወንድሜም ጨመረበት፣ በአንድ ወር አለቀ። ቤቱ አምሮ ነበር። ያየው ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለን።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ፣ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ፣ እናቴ «ቤቱ አፈር አፈር ይለኛል» አለች። ክረምት ስለሆነ ነው አልኳት። መስከረም ጠባ፣ ሽታው አልሄደም። ጥቅምት ላይ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ሳደርገው ጀርባው በሙሉ ሻግቷል፤ የእናቴ የበዓል ቀሚሶች ሳይቀሩ ነጠብጣብ ይዘዋል። ልብሱን አጠብን፣ መስኮት ከፍተን አናፈስን፣ ተውነው። በሁለተኛው ክረምት በየመስኮቱ ማዕዘን ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ወጣ። ልስኑን በጣቴ ሳንኳኳው አንዳንዱ ቦታ ላይ ባዶ ቤት ይመስል ነበር ድምፁ። ከዚያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከጓሮ በኩል የበር ስፋት የሚያክል ልስን ከነሽቦው ቁልቁል ወረደ። ከጀርባው ያለው ጭቃ ጭቃ ነበር፤ ገና ዛሬ የተቦካ ይመስል እርጥብ ነው። ቋሚውን ከሥሩ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ገባ። ምስጥ ከመሬት ጀምሮ እስከ መስኮቱ ደረጃ ድረስ መንገዱን ሠርቶ ወጥቷል። አባቴ ካቆማቸው ቋሚዎች ውስጥ በዚያ ጎን ብቻ አምስቱ ከሥር ተቦርቡረዋል። 40 ዓመት ያልነካው ምስጥ በሁለት ዓመት ጨረሰው።

እናቴ አላለቀሰችም። ዝም ብላ አጎንብሳ የቋሚውን ፍርፋሪ በእጇ ዘገነችና አሸተተችው። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።

በሰፈራችን በወጣትነታቸው ብዙ ቤት የመረጉ ሽማግሌ አሉ፤ ሁላችንም «አያ» ነው የምንላቸው። ጠራናቸው። ዞረው አዩና «ልጄ፣ ጭቃ ይጠጣል፣ ግን መልሶ ይተፋል። እናንተ መትፊያውን ነው የደፈናችሁበት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠይቄያለሁ፣ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እሳቸው ወደ ተናገሩት ነው የሚመለሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግድግዳ ውስጥ ውኃ የሚገባው በዝናብ ብቻ አይደለም። ከመሬት ወደ ላይ ይሳባል፣ ክር ጫፉ ውኃ ሲነካ እንደሚስበው። ከቤት ውስጥም ይመጣል፤ የምንተነፍሰው፣ የምንቀቅለው፣ ክረምት ላይ ቤት ውስጥ የምናሰጣው ልብስ ሁሉ እንፋሎት ነው። ጭቃ ይህን ሁሉ ይቀበላል፣ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ ደግሞ ይለቀዋል። በየክረምቱ ይርሳል፣ በየበጋው ይደርቃል፤ እንጨቱ ውስጡ ተቀምጦ የሚከርመው ለዚህ ነው። ሲሚንቶ ሌላ ጠባይ ነው ያለው። ደረቅና ግትር ነው። ጭቃና እንጨት ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ሲሚንቶው አብሮ አይሄድም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል። የገባው ውኃ ግን በዚያች ቀጭን ስንጥቅ ተመልሶ አይተንም። ፕላስቲክ ሲጨመርበትማ ጨርሶ ታፈነ ማለት ነው። ጭዱ ይበሰብሳል፣ እንጨቱ ይለሰልሳል፣ ምስጥ ደግሞ እርጥብ እንጨት ነው የሚወደው። ከውጭ ሲታይ ግን ግድግዳው ጤነኛ ነው። ክፋቱም ይህ ነው። የጭቃ ምርጊት ሲጎዳ በዓይን ይታያል፣ ትደፍነዋለህ። ሲሚንቶ የለበሰ ጭቃ ግን እስኪወድቅ ድረስ ምንም አይነግርህም።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። ዝናባችን ብዙ ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም አይለቅም። ጣና ደግሞ ከፍ ብሎ የሚሞላው ክረምቱ ካለቀ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ነው። በሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮች ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ያውቀዋል፤ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጥታ እንኳ መሬቱ ከሥር ገና እርጥብ ነው። ስለዚህ ግድግዳችን ዝናቡ ካቆመ በኋላም ለሳምንታት ከታች ይጠጣል። በዚያን ጊዜ ነው መተንፈስ የሚያስፈልገው።

ታንኳ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የጣና ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው፤ ደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል። ባለ ታንኳው ግን ሥራውን ሲጨርስ ውኃ ላይ ትቶት አይሄድም። ጎትቶ ያወጣና ያሰጣዋል። ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ይሰምጣል። በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ይህን የሚያውቁት ሲሚንቶ አገራችን ሳይገባ ነው።

ወንድሜ ካናዳ የሚሠራው በዚሁ ሙያ ነው፤ በድሮ ቤት ግድግዳ ላይ ከውጭ ሙቀት መከላከያና አዲስ ልባስ ይደርባል። የሆነውን በስልክ ስነግረው ዝም አለ። «ፕላስቲክ መታችሁ? ከላሜራው ጀርባስ ክፍተት ተዋችሁ?» አለኝ። አልተውንም። እዚያ አገር ያሉት ይህን በከባድ ዋጋ እንደተማሩት ነገረኝ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር በቫንኩቨርና በአካባቢው ብዙ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ታዛ ሳይኖራቸው፣ ውጫቸው በልስን ተደፍኖ ተሠሩ። ዝናቡ በየመስኮቱ ዳር እየገባ መውጫ አጣ፣ እንጨታቸው ውስጥ ውስጡን በሰበሰ፣ ለጥገና በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወጣ። ዛሬ እዚያ ልባሱን ከግድግዳው ጋር አያጣብቁም። መሐል ላይ ቀጭን እንጨት ቁም አድርገው ይመቱና ሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ክፍተት ይተዋሉ፣ ከታችም ከላይም አየር ይገባል። ያመለጠ ዝናብ በክፍተቱ ወርዶ ይወጣል፣ ግድግዳውም ይደርቃል። የእኛ ላሜራ ግን ፎሙ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ብርድ ባለበት ሌሊት ከጀርባው ያልበዋል፣ ላቡም መሄጃ የለውም።

ስለ ፕላስቲኩም አንድ ነገር አለኝ። በብርድ አገር ፕላስቲክ የሚወጥሩት ከውስጥ በኩል፣ ቤቱ በሚሞቅበት ጎን ነው፤ ከቤት የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ውኃ እንዳይሆን። እኛ ጋ ከውጭ መታነው። የሌላ አገር ነገር በግማሽ ሲቀዳ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ እነሱም የሚያደርጉት ለእነሱ አየር ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልመለስ፣ ምክንያታችን እሱ ነበርና። ገንዘባችንን ያፈሰስነው በተሳሳተ ቦታ ነው። ባሕር ዳር ላይ በበልግና በክረምት መግቢያ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ናት። ግድግዳውን ብዙ አታገኘውም፤ የምታገኘው ቆርቆሮውን ነው። ሚያዝያ ላይ ሰባት ሰዓት አካባቢ ቆርቆሮ በእጁ የነካ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ያ ሙቀት ወደ ታች ወርዶ ኮርኒሱን ያሞቃል፣ ኮርኒሱ እኛን ያሞቃል። ሌሊት ደግሞ ያው ቆርቆሮ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ብርዱም ከዚያው ይመጣል። የጭቃ ግድግዳ በበኩሉ ሙቀትን ቀስ ብሎ ተቀብሎ ቀስ ብሎ የሚለቅ ነው፣ በዚህ ላይ ጠላታችን አልነበረም። ግድግዳ ላይ ሙቀት መከላከል ዋጋ የሚኖረው በምሥራቅና በምዕራብ ነው፣ ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስትመታ። ከሁሉ በፊት ግን ጣሪያ። ይህን ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም።

ፎምና አሉኮቦንድ ለሚያስቡ ደግሞ ስለ እሳት ልናገር። በ2017 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የሚባል ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ በአንድ ሌሊት ሲቃጠል 72 ሰው ሞተ። ሕንፃው ከዚያ በፊት ነው የታደሰው፤ ድሮ በነበረው ኮንክሪት ላይ ፎምና መሐሉ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ልባስ ተደርቦበት ነበር። እሳቱ ከአንድ ክፍል ወጥቶ በልባሱ ላይ ወደ ላይ ሮጠ። የእኛ ቤት ፎቅ የለውም፣ አውቃለሁ። ግን ስንቶቻችን ነን ማድ ቤታችን ከዋናው ቤት ግድግዳ ጋር የተያያዘው? ምጣዱም ከሰሉም እዚያው ነው። እባካችሁ በማድ ቤት አጠገብ ፎም አታስለጥፉ። ሕንፃ የምትሠሩ ደግሞ አሉኮቦንድ ስትገዙ መሐሉ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ላዩ አሉሚኒየም መሆኑ አይበቃም፤ የሚነደው መሐሉ ነው።

ከዚያ ምን አደረጋችሁ ትሉኝ ይሆናል። ሲሚንቶውን፣ ሽቦውን፣ ፕላስቲኩን በሙሉ አስነሳን፤ ማንሣቱ ከመለሰኑ በላይ አድካሚ ነበር፣ ጭቃውን ይዞ ይወርዳልና። ግድግዳው ራቁቱን ከኅዳር እስከ የካቲት እንዲደርቅ ተውነው። ጎረቤት አዘነልን፤ አያ ግን «ካልደረቀ አንድ ነገር እንዳትነኩት» ስላሉ ጠበቅን። የተበሉትን ቋሚዎች ከሥራቸው ቆርጠን አዲስ እግር ቀጠልንላቸው፣ መሬት እንዳይነኩም ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ የጥቁር ድንጋይ መሠረት ላይ አስቀመጥናቸው። ዙሪያውን ቦይ ቆፈርን። ቆርቆሮው ላይ አሸንዳ አስገጠምን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታዛውን አስረዘምነው። አንድ ክንድ የማይሞላ ነበር፣ አሁን 80 ሴንቲ ሜትር ወጥቷል።

ስለ ታዛ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያያችሁ ክዳኑን አስታውሱ። ከግድግዳው ርቆ ወጥቶ፣ ሰፊ ሆኖ ነው የሚወርደው። ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ ሥዕሉን ነው የሚያደንቀው፣ ተገቢ ነው፤ ግን ያንን ግድግዳና ያንን ሥዕል ከጣና ዝናብ ጠብቆ ያቆየው ክዳኑ ነው። የድሮ ሰዎች ግድግዳ ልብስ የሚፈልግ አይመስላቸውም ነበር፤ የሚፈልገው ጃንጥላ ነው።

ምርጊቱን እንደገና በጭቃና በጭድ ሠራነው፣ ላዩን ደግሞ በኖራ ለሰንነው። ኖራ ብዬ ቀለሙን ማለቴ አይደለም፤ ልስኑን ነው፤ 1 እጅ የበረደ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ። የጎንደር ግንብ ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው፣ ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ቆሞ እናየዋለን። ኖራ ከዝናብ ይከላከላል፣ እንፋሎትን ግን ያሳልፋል፤ ከጭቃ ጋርም ይስማማል። ትዕግሥት ይጠይቃል። በርሜል ውስጥ በውኃ አብርዶ ለሳምንታት ማሳደር ያስፈልጋል፣ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ፀሐይ ቶሎ እንዳታደርቀው በጆንያ መሸፈን። ያልበረደ ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ኖራውን ወደ ውኃው ጨምሩ እንጂ ውኃውን ኖራው ላይ አትድፉ፣ ልጆችንም አርቁ። እዚህ ከተማ ውስጥ በኖራ የሚለስን ሰው ፍለጋ አንድ ወር ሙሉ ዞሬያለሁ። ሲሚንቶ የሚለስን በየመንገዱ ሞልቷል።

ለሙቀቱ ደግሞ ኮርኒሱን ከፍተን በላዩ የደንገል ምንጣፍ በድርብ አነጠፍን። ደንገል ውስጡ አየር ስለሆነ ሥራው ከፎም ሥራ ጋር አንድ ነው። ያው እሱም ይነዳል፣ ስለዚህ የመብራት ገመዱን በሙሉ በቱቦ ውስጥ አሳልፈን ከምንጣፉ አራቅነው። ባለፈው ሚያዝያ እናቴ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ቡና አፍልታ ተቀመጠች። ለእኔ መለኪያው ይህ ነው፣ ቴርሞሜትር የለኝም።

ሲሚንቶ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ብሎኬት ላይ ለስኑት፣ ለዚያ የተሠራ ነው። ላሜራም ሞራሌ ላይ ክፍተት ተትቶለት ከተመታ ጭቃን አይጎዳም። የምለምነው ከመደረባችሁ በፊት ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣና በየት እንደሚወጣ እንድትጠይቁ ነው። ባለሙያው መልስ ከሌለው ሌላ ፈልጉ። አስቀድማችሁ ለስናችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ከታች፣ መሬቱ አጠገብ፣ በጣታችሁ አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ክረምት አትጠብቁ፤ አንድ ቦታ ከፍታችሁ ቋሚውን እዩት።

እናንተንም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ አዘጋጆች። ጋዜጣችሁ ስለ አዳዲስ ሕንፃዎች ብዙ ይጽፋል፤ ስለ ጭቃ ቤት ጥገናም ጻፉ። በዚህች ከተማ ስንት ሰው በጭቃ ቤት እንደሚኖር ታውቃላችሁ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች አሉ፣ በየሙያ ማሠልጠኛው ግንባታ የሚያስተምሩ አሉ። ጠይቁልን፤ ለጣና ዳር አየር የሚሆነው ልስን የቱ ነው? የኖራ ልስን ትምህርት ለወጣት ለሳኞች ለምን አይሰጥም? እንደ አያ ያሉ ሰዎችም ገና በሕይወት አሉ፣ ዕድሜያቸው ግን ሄዷል። አንድ ቅዳሜ ሂዱና የሚያውቁትን ጻፉላቸው።

የእኛ ቤት አንድ ግድግዳ ይቀረዋል፣ በመንገድ በኩል ያለው። ላሜራውን አልጣልነውም፤ አጥበን አስቀምጠነዋል። ግድግዳው ሲደርቅ በሞራሌ ላይ፣ ከጀርባው ክፍተት ትተን፣ መልሰን እንመታዋለን። እናቴ በየጠዋቱ እየወጣች በመዳፏ ትነካዋለች። ትናንት «ገና ነው» አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሽምብጥ ነዋሪ
ባሕር ዳር